የማይላላው ዳዶ

ጀልበኛው በአራተኛው ሐሙስ ለአራተኛ ጊዜ ሲመጣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም ነበር። ትንሹን የጀልባ ሞተር እንደ ታመመ ልጅ ታቅፎ በሩ ላይ ቆመና፣ ዛሬም የኋላ ማርሹ እምቢ እንዳለው ነገራት።

መካኒኳ ቀና ብላ አየችው። አባቷ ካረፈ ወዲህ ጋራዡን ብቻዋን ስትይዝ ሁለት ዓመቷ ነው። ብዙ ጀልበኛ ይመላለስባታል፤ ኮቴውን ከሩቅ ለይታ ልቧ ድንግጥ የሚለው ግን ለእሱ ብቻ ነበር።

ሞተሩን ማቆሚያው ላይ አስራ ክዳኑን ከፈተችው። ችግሩ ያው ነው። ከእጀታው ወደ ማርሹ የሚወርደው የሽቦ ካቦ፣ የያዘው የብሎን ዳዶ ስለላላ ተንሸራቷል። እጀታውን ወደ ኋላ ቢስቡትም ማርሹ እስከ መጨረሻው አይገባም፤ ተንገጫግጮ ይቀራል።

እሱ እንደ ልማዱ ክዳኑን ይዞላት ቆመ። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ሁለቱም ወደ ሞተሩ ያቀረቅራሉ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ አብረው ከሻይ በላይ ቀምሰው አያውቁም።

ያን ቀን ግን መካኒኳ ሌላ ጭንቀት ነበረባት። ዓሣ አጥማጆቹ ማንሾካሾክ ጀምረዋል፤ አንድ ሞተር በወር አራት ጊዜ የሚመለሰው የሴት እጅ ቢነካው ነው እያሉ። እናቷም ጠዋት፣ አባትሽ የሠራው ነገር ተመልሶ መጥቶ አያውቅም ብላ አንገቷን አስደፍታታለች። ሙያዋ ከተናቀ ጋራዡ ይዘጋል።

ስለዚህ ተጠበበችበት። አዲስ ካቦ አስገባች፤ ልኩን ደጋግማ አየች፤ ዳዶውን በሌላ ዳዶ ቆለፈችው። ንቅንቅ ቢል እንዲታወቅም በላዩ ላይ ቀይ ቀለም አሰመረችበት። ከዚያ ግንባሯን እየጠረገች፣ በኩራት፣

«ከእንግዲህ በዚህ ነገር እኔ ጋ አትመጣም» አለችው።

ጀልበኛው ቀዩን መስመር ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«በፍጹም?»

«በፍጹም።»

አመስግኗት ሄደ። በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጣም፤ ከዚያም ወዲያ አልመጣም። ሰው ልካ እንዳትጠይቅ ኩራቷ ያዛት። ሐሜቱ ቆመ፣ ሥራው በዛ፤ እሷ ግን ያ ሞተር ምነው በተበላሸ ብላ የተመኘችበት ቀን ብዙ ነው። መካኒክ እንዲህ ብሎ አይመኝም።

በሰባተኛው ወር ሞተሩን ይዞ የመጣው የጀልበኛው ታላቅ ወንድም ነበር፣ ዘይት ሊያስቀይር። ጀልበኛው ትልቅ መርከብ ላይ ተቀጥሮ መሄዱን ነገራት። እሷም ዘይቱን እያንጠፈጠፈች፣ ነገሩን ቀለል አድርጋ፣ ደኅና ነው ወይ አለችው። ሰውየው ፈገግ አለ።

«አንቺማ በጨዋ ደንብ ነው ያሰናበትሽው፣ እህቴ። ረቡዕ ረቡዕ ያን ዳዶ በገዛ እጁ ሲያላላ ስንቴ እንደተቆጣሁት። በመጨረሻ ቀዩን ቀለም አይቶ ‹ነቅታብኛለች፤ አትምጣ አለችኝ› ብሎኝ አረፈው።»

አልነቃችበትም ነበር። ዳዶ መላላቱን ከሞተሩ ድምፅ የምትለይ ሴት፣ ለምን ይላላል ብላ አንድም ቀን አልጠየቀችም። የጀልበኛውን ስልክ ቁጥር ተቀብላ ወደ ጓሮ ወጣችና ደወለች።

«አላወቅሁም ነበር» አለችው፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። «የምታላላው አንተ መሆንህን አላወቅሁም። በር በሩን እያየሁ ነው የከረምኩት።»

ከጀልበኛው ጀርባ ሰዎች ሲጠራሩ ይሰማታል።

«ባለፈው ወር ቀለበት አሰርኩ» አለ በመጨረሻ። «ጥሩ ልጅ ናት። አሁን ምን ልበላት?»



«ምንም አትበላት። ይቅናችሁ» አለችው።

ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ተመለሰች። ሥራው አላለቀም። ሞተሩን ውሃ በሞላው በርሜል ውስጥ አስነስታ ሞከረችው፤ የፊቱም የኋላውም ማርሽ ያለ አንዳች ማንገራገር ገባ። ወንድምየው ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ።

«እጅሽ ይባረክ» አላት።

ለምርቃት ዝም አይባልምና፣ «አሜን» አለች።