ድርቡ ግድግዳ

ፈጠራ ነው የምትሉ መካነ ሰላም መጥታችሁ ግድግዳዬን እዩት። እስካሁን ክፍት ነው። የሚመርግልን ሰው አጥተናል።

የሆነው ዘንድሮ በኅዳር፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ወጥታለች።

የመጀመሪያ ልጄን የወሰደብኝ የሳንባ ምች ነው። ሁለተኛው፣ ሙሐመድአሚን፣ ገና በአራስነቱ ማሳል ሲጀምር ባሌ ሁዜይፋ በነፋሱ በኩል ያለውን ግድግዳ ድርብ አደረገው። በውጭ አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ፣ በውስጥ ሌላ ረድፍ፣ መሃሉ ላይ የተጠቀጠቀ ጭድ። ከዚያ በሁለቱም በኩል በጭቃ መረገው።

ጭዱ አነሰ። የጎደለውን አማቴ እማማ ጠይባ በጆንያ አምጥተው ሞሉት። ከየት እንዳመጡት ማን ይጠይቃል?

ቤቱ ሞቀ። ልጄ ማሳሉን ተወ። አልሃምዱሊላህ አልኩ።

ግን...

አመዳይ ባደረ ቁጥር ግድግዳው በውጭ ሲነጣ አንድ ቦታ ብቻ አይነጣም። በአልጋችን ትይዩ፣ የተጋደመ ሰው የሚያህል ቦታ።

ያን ጠዋት ልጄን አስተኝቼ ውጭ ልብሱን ሳሰጣ ሳል ሰማሁ።

የሕፃን ሳል አይደለም።

አማቴ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ቀስ ብለው ጀርባቸውን አነሱ።

"እማማ... ሰሙ?"

"ዝም በይ፣ ልጄ።"

"ጭዱን ከየት ነው ያመጡት?"

አንገታቸውን ደፉ።

"ከሁዜይፋ አባት ፍራሽ።"

እኛ ዘንድ ሰው የሞተበት ፍራሽ ጭዱ ወጥቶ ይቃጠላል። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ የነበሩት የሁዜይፋ አባት የሞቱት እያሳሉ፣ "በረደኝ" እያሉ ነው። ልጄን ሳያዩት።

"ማቃጠሉ አላስቻለኝም..." አሉ በሹክሹክታ። "ብርድ አይወድም ነበር።"

ሁዜይፋ ሰምቶን መጣ። መጥረቢያ አንስቶ ያን ቦታ ከውጭ ፈለጠው። ጭቃው እስከዚያ ስንጥቅ እንኳ አልነበረበትም።

ጭዱ መሃል፣ ሰው በጎኑ ተኝቶ የተነሳበት የሚመስል ስርጉድ ቦታ አለ። እጄን ሰደድኩ። ይሞቃል።

ከደረቱ በኩል ሌላ ስርጉድ አለ።

ትንሽ... ክንዴን የሚያህል።

እሱም ይሞቃል።

ሮጬ ገባሁ። ልጄ እንዳስተኛሁት ነው። ይተነፍሳል። ጡጫውን ግን ጨብጦ አልከፍት አለ። እየፈራሁ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቅኳቸው።

መዳፉ ላይ ጭድ ነበር።

ከጭዱ ጋር... በሂና የቀላ የጢም ፀጉር።