ያልተጠሩ ነባሪዎች

ጀልባዋ ከወደቡ ከመላቀቋ በፊት አራቱ እንግዶች ተፈተሹ። ካፒቴኗ ጉንቮር ጥጥ የለበሰውን ሁሉ አስወልቃ ሱፍ አስለበሰች፤ የረጠበ ጥጥ አይደርቅም፤ ያልደረቀ ልብስም በሰሜን ባሕር ላይ ይገድላል። ባዶ ሆዱን የመጣውን ደረቅ ዳቦ አስበላች። ከዚያም ዘወትር የምትናገረውን ተናገረች፦ የምንሄደው ዓሣ ነባሪዎች ወደሚኖሩበት ቤት ነው፤ ባለቤቶቹ ካልወጡ በር አንሰብርም፤ ምንም ሳያይ መመለስ የማይችል ከዚሁ ይቅር።

ማንም አልቀረም። ከእንግዶቹ አንዷ የቀድሞዋ የመንደሩ አዋላጅ ወይዘሮ ሄርዲስ ነበሩ። ባለፉት ሁለት ክረምቶች ወጥተው ነባሪ ሳያዩ ተመልሰዋል። ዓይናቸው እየጠፋ ነው፤ ሐኪሙም የሚመጣውን ክረምት በብርሃን እንደማይቀበሉት ነግሯቸዋል። ይህን በወደቡ የማያውቅ አልነበረም።

ጀልባዋ ቀድሞ ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ ይጠመድባት ነበርና የመረብ መጎተቻዋ ሞተር እስከ ዛሬ ከኋላዋ አልተነቀለም። የዚያ ባሕር ነባሪዎች የመጎተቻ ድምፅ ሲሰሙ መረብ እየወጣ መሆኑን ያውቃሉ፤ ከመረቡ የሚያፈተልከውን ዓሣ ሊለቅሙ ከሩቅ ይመጣሉ። መረብ በሌለበት መጎተቻ ማስነሣት እንግዲህ ነባሪን መዋሸት ነው። ጉንቮር እንዲህ ያለውን ውሸት ዋሽታ አታውቅም።

በተራሮች መካከል ወደ ገባው ባሕር ሲታጠፉ ነፋሱ ዞረባቸው። ማዕበሉ የጀልባዋን አፍንጫ አነሣ፣ ጣለ፣ ደግሞ አነሣ። በረዶ ሰማዩንና ውሃውን አንድ አደረጋቸው። የጉንቮር ወንድም አርቪድ በጀልባዋ ዙሪያ ባለው የአጥር ብረት ላይ የጋገረውን በረዶ በመጥረቢያ እየፈለጠ ወደ ባሕር ጣለ፤ ካልተፈለጠ ክብደቱ ጀልባ ይገለብጣልና። በዚህ መካከል አንድ ግዙፍ ገላ ከሥራቸው አለፈ፤ ጀልባዋ ወደ ጎን ተንጋደደች፣ እንግዶቹም በአግዳሚው ላይ ተጣበቁ። ወይዘሮ ሄርዲስ አንገታቸውን አስግገው ቢመለከቱም ከበረዶው በቀር ያዩት ነገር አልነበረም።

«ትንሽ ብቻ እናስነሣው» አለ አርቪድ በመጎተቻው በኩል በአገጩ እያመለከተ። «ለአሮጊቷ ብለን።»

«ዝም በል።»

«እሺ፣ ዝም አልኩ። ጽድቅሽ ግን ዓይን አይሆናቸውም።»

ጉንቮር መሪውን ለእርሱ ትታ ወደ ኋላ ሄደች፤ ቆመችም። ከዚያም እጇን በመጎተቻው እጀታ ላይ አሳረፈች።

እጀታው ሳይንቀሳቀስ መጎተቻ ጮኸ። ድምፁ ከፊት ለፊት፣ ከበረዶው ውስጥ ነበር። በዚያ አየር መረብ ይዞ የወጣ አጥማጅ እንደሌለ ታውቃለች፤ ስለዚህ መጎተቻ የሚያስጮኸው የአጎቷ ልጅ ዮስታይን እንደሆነ ገባት፤ እርሱም እንደ እርሷ እንግዳ የሚያመላልስ ነው። ከእጀታው ላይ እጇን አነሣች።

በረዶው ሲገለጥ ነገሩ ሁሉ ታየ። ዮስታይን በጠባብ የባሕር ሰርጥ አፍ ላይ ቆሟል፤ በድምፁ የተጠሩት ጥቁርና ነጭ ነባሪዎች አልፈውት ወደ ውስጥ ገብተዋል። መረብ ስላላገኙ ይዞራሉ። በመካከላቸው እናትና ግልገል አሉ። ባሕሩ በየዕለቱ እንደሚያደርገው ከዳርቻው እየሸሸ ነበርና በሰርጡ አፍ ያለው ዓለት ከውሃው እየወጣ መጥቆር ጀምሯል፤ የቀረውን ጥልቅ መንገድ ደግሞ የዮስታይን ጀልባ ዘግቶታል።

ጉንቮር ሬዲዮውን አነሣች። «ዮስታይን፣ አጥፋና ውጣ። ውሃው እየሸሸ ነው፤ ግልገሉ እዚያ ይቀራል።»

«ደግሞ የነባሪ ሞግዚት ሆንሽ? እንግዶቼ ገና ማየታቸው ነው። አንቺ ለራስሽ እንግዶች ስብከትሽን አሳዪያቸው።»

«የኔም እጅ አሁን እጀታው ላይ ነበር» አለች። «አንተ ቀደምከኝ እንጂ። አጥፋው።»

መጎተቻው ጸጥ አለ፤ የዮስታይን ጀልባም ወደ ኋላ እየተሳበ ከመንገዱ ወጣ።

አሁን በመንገዱ ላይ የቀረችው የጉንቮር ጀልባ ብቻ ነበረች። ገለል ለማለት ከሰርጡ አጠገብ ካለው ገደል ጀርባ መግባት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ደግሞ ምንም አይታይም። ጉንቮር ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«ልጅ ሲወለድ በር ላይ የሚገተር ዘመድ አይጠፋም» አሉ ወይዘሮ ሄርዲስ። «እኔ ሁሉንም አባርር ነበር። ወደ ኋላ በይ፣ ልጄ።»

ከገደሉ ጀርባ ገብተው ሞተሩን አጠፉ። ነፋሱም በዚያ አልደረሰባቸውም። በመጀመሪያ ከባድ ትንፋሽ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎም ብዙ። የዓሣ ሽታ ያለው ጉም በገደሉ ላይ ተንሳፍፎ መጥቶ ፊታቸውን አረጠበው። ወይዘሮ ሄርዲስ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር፤ ከትልቁ ትንፋሽ ኋላ አንድ አጭርና ፈጣን ትንፋሽ ሲመጣ እጃቸውን አነሡ።

«ትንሹ ይሄ ነው» አሉ። «ደኅና ይተነፍሳል።»

ትንፋሾቹ ወደ ጥልቁ ራቁ።

ወደብ ሲደርሱ ጉንቮር እንግዶቿን ወደ ምድር አወረደች፤ ከዚያም ከጀልባዋ ኋላ ተንበርክካ መጎተቻውን መፍታት ጀመረች። ብሎኑ ዝጎ አልንቀሳቀስ አላት። ዮስታይን ከጎን ካለው ጀልባው ሲያያት ቆይቶ ትልቅ መፍቻ ይዞ መጣ።

«በዚህ ሞክሪው» አለ። «ስትጨርሺ መልሺልኝ፤ የኔም ዝጓል።»