ደሙ ያልተናገረው

ሽማግሌው ሐኪም ትንሿን ሣጥን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፉ።

«ሃያ አራት ስላይድ ነው፤» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሃያ አራት ሰው ሳንባ። አንዱ ቢሰበር ምትክ የለውም።»

ሣጥኗን ከቱታዋ ሥር ሻጠቻት።

በቤተ ሙከራው የሚያውቋት ናሙና ቆራጭ ሆና ነው። ሰባት ወር ሞላት። በሥውር የስለላ ክፍሏ ግን መጠሪያዋ «ክር» ነው። የላካት አለቃዋ ደግሞ «አጎት» ይባላል፤ ስልክ ስታወራው የሚሰማት ሁሉ የእናቷ ወንድም እንዲመስለው።

ሣጥኗ እንድትጠፋ የሚፈልጉት የተቋሙ ዳይሬክተር ናቸው። አዲሱን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ዛሬ ረፋድ ላይ በቦርድ ሊያስጸድቁ ነው። ከጸደቀ አርባ ሺህ ሰው ይወጋል። ማስረጃቸው ደም ነው፤ በተከተቡት ሰዎች ደም ውስጥ ጀርሙን ለይተው የሚዋጉት ቲ-ሴሎች በሽ ናቸው። ጋሼ ግን፣ ሽማግሌውን ሁሉም የሚጠራቸው እንዲህ ነው፣ ተከትበው እያለ የታመሙ ሰዎችን ሳንባ በማይክሮስኮፕ አይተዋል።

«ቲ-ሴሎቹ ጀርሙ ያለበትን እብጠት ከበው ቆመዋል፤» ብለዋት ነበር። «ጀርሙ መሀል፣ እነሱ ዳር። ገብተው የደረሱትም ዝለዋል። ደም መንገድ ነው ልጄ። ውጊያው ያለው ሳንባ ላይ ነው።»

ስላይዶቹ ዛሬ እንዲቃጠሉ ታዟል።

«በሉ ጋሼ፣ ልውጣ።»

መውጫው ሁለት በር አለው፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫነች።

አልተከፈተም።

ግድግዳው ላይ ያለው የመነጋገሪያ ድምፅ ማጉያ ተንኮሻኮሸ። «የእህትሽ ልጅ ትኩሳቱ ለቀቀው።»

እጇን ከቁልፉ አነሳች።

የይለፍ ቃሉ ነው። የሚያውቁት እሷና አጎት ብቻ ናቸው። ይህን ለሚላት ሰው ሣጥኗን እንድታስረክብ ትናንት ነግሯታል። አሁን የተናገረው ግን የጥበቃ ሹሙ ነው፤ የዳይሬክተሩ ቀኝ እጅ።

አጎት ሸጧታል።

«ሣጥኗን በግድግዳው የዕቃ ማሳለፊያ ቀዳዳ ውስጥ አድርጊያት፤» አለ ሹሙ። «በሩ ይከፈትልሻል።»

«የምን ሣጥን?»

«አትቀልጂ። አጎትሽ ሰላም ብሎሻል።»

ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ክንዷ የቱቦ መደርደሪያውን መታው። አንዱ ቱቦ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ውስጡ ያለው በሕይወት ያለ ጀርም ነው። ጋሼ በበረኪና የተነከረ ጨርቅ ወረወሩበት።

«ግድ የለሽም፤ አየሩን የሚስበው ማራገቢያ አለ።»

ማራገቢያው ቆመ።

«አጥፍቼዋለሁ፤» አለ ሹሙ። «ጊዜያችሁ በባትሪያችሁ ልክ ነው።»

ሁለቱም አየር የሚያጣራ፣ በባትሪ የሚሠራ ቆብ አጥልቀዋል። የጋሼ ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ክፍሉ መስኮት የለውም። አራት እርምጃ ወዲያ፣ ስድስት እርምጃ ወዲህ።

«ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«አምስት ከሩብ። ቦርዱ ተቀምጧል። እኔም ከዚህ ሆኜ...» ማይክሮስኮፑን አዩት። ዳይሬክተሩ ራሳቸው ካሜራውንና ድምፁን ከአዳራሹ ስክሪን ጋር አገናኝተዋቸዋል፤ ጋሼ ያንን የሚያምር ደም ለቦርዱ እንዲያሳዩላቸው።

«እኛ ካልወጣን፣» አለች ሣጥኗን አውጥታ እየሰጠቻቸው፣ «ሳንባው ይውጣ።»

የጋሼ ቆብ ጢጥ ብሎ ጠፋ። ማውለቅ ግድ ሊሆንባቸው ነው። የራሷን ባትሪ ነቅላ ወገባቸው ላይ ሰካችው።

«አንቺስ?»

«የሚናገሩት እርስዎ ነዎት።»

«ልጄ፣ ጀርሙ አየሩ ላይ እኮ ነው!»

«የጣልኩትም እኔ ነኝ። ይልቅ ይጀምሩ።»

ቆቧን አወለቀች። አየሩ በረኪና በረኪና ይላል። መተንፈስ ፈራች። ከዚያ ተነፈሰች፤ ሌላ ምርጫ አልነበራትም።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አለ ሹሙ።

የጋሼን ድምፅ ለመሸፈን ማጉያው ሥር ሄዳ ጮክ ብላ መለሰች። «የማሳለፊያው መዝጊያ ተጣብቋል። እየታገልኩት ነው።»

«ግፊው!»

«በየት በኩል? ወደ ላይ ነው ወደ ጎን?»

ከኋላዋ ጋሼ መናገር ጀምረዋል። «የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣ ይህ ደም አይደለም። ሳንባ ነው። ሰማያዊዎቹ ቲ-ሴሎች ናቸው፤ መሀል ያሉት ቀይ ጭረቶች ጀርሙ ናቸው። እስቲ ርቀቱን ተመልከቱ።»

ስላይድ ተቀየረ። ሌላም። እሷ ከሹሙ ጋር ስለ ማሳለፊያ ትከራከራለች፤ ጉሮሮዋ ይከረክራታል።

«ሰዎቹ ተከትበው ነበር?» አለች ከአዳራሹ አንዲት ሴት፤ የቦርዱ ሰብሳቢ ናት።

«ሁሉም።»

«መስመሩን ቁረጡት!» ዳይሬክተሩ ናቸው።

«ማንም አይነካውም፤» አለች ሰብሳቢዋ። «ዶክተር፣ ያሉት የት ነው?»

«ታች ነን እመቤት። ተቆልፎብናል።»

አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ያለ ቆብ ቆይታለች። ሰብሳቢዋ የላከቻቸው ሰዎች በሩን ሲከፍቱ ሹሙ ደጅ አልነበረም።

ክትባቱ ታገደ። አጎት ድንበር ሳይሻገር ተያዘ። እሷን ግን ማንም አልጠራትም፤ መልኳ የታወቀ ሰላይ ለሥውር ክፍሉ አይሆንም። አዲስ መታወቂያና የአውቶብስ ትኬት በፖስታ ተላከላት።

በሁለተኛው ወር ደሟ ተመረመረ። ጀርሙ ገብቷል። «ገና በሽታ አልሆነም፤» አለቻት ነርሷ። «መድኃኒቱን አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጪ።»

አሁን በማታውቀው ከተማ የፋርማሲ ወረፋ ላይ ቆማለች። ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን ጋሼ ይጠየቃሉ። ከስተዋል።

«አብረዎት ማን ነበር?» አላቸው ጋዜጠኛው።

«አንዲት ናሙና ቆራጭ። እሷ ባትኖር እኔ እዚህ አልቀመጥም።»

«ስሟ?»

«የነገረችኝ ስም የእሷ አልነበረም።»

«ምስኪን፣ የት ወድቃ ይሆን?» አለች ከኋላዋ የተሰለፈች ሴት።

«ማን ያውቃል እህቴ፤» አለቻት። ተራዋ ደርሶ መድኃኒቷን ተቀበለች፤ ነጠላ ጫማ፣ ጃንጥላና ዘንቢል በሞላው ጎዳና ላይ ከሰው ጋር ተቀላቀለች።