ሰማይ የዘጋ ቃል

የአውዘን ወንዝ ሽቅብ በፈሰሰበት ማለዳ በሰንደራ መንግሥት ያለ ፍጥረት ሁሉ ራደ። ወፎች ጎጆአቸውን ጥለው ሸሹ፤ የቤተ መንግሥቱ ነጋሪት ማንም ሳይመታው አስተጋባ። በዚያች ሰዓት ድንኳን ሰፊው አውራሪስ ወንዝ ዳር ሸራ ያጥብ ነበር። ከውሃው የወጣ ነጭ ብርሃን ደረቱን ሰንጥቆ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ከአፉ የወጣ ቃል ሁሉ ይፈጸም ጀመር።

ለኃይሉ ወሰን አልነበረውም፤ ባለቤቱም ልኩን አያውቅም። ያሰጣውን ሸራ ካፊያ ቢያበሰብስበት «ምነው ይህ ዝናብ ባቆመ» አለ። ዝናቡ አቆመ፤ በሰንደራ ምድር ሁሉ አቆመ። ክረምት መጥቶ ሄደ፣ ሌላም መጣ፤ ጠብታ አልወረደም። ደንግጦ «ሰማይ ሆይ ዝነብ» ሲል ዘነበ፤ ነገር ግን የወረደው እንደ እንባ ጨው ጨው የሚል ውሃ ነበርና የተረፈውን ቡቃያ አቃጠለው። በጥም የሞተች የጎረቤት ልጅም «ተነሺ» ብሎ አስነሣ። ስትስቅ ግን ሳቋ የአውራሪስ ሳቅ ነበር፤ እናቷን ትታ የእርሱን እናት «እማ» ብላ ጠራች። የወለደቻት ሴት ይህን ሰምታ ፊቷን ሸፍና ወጣች።

አውራሪስ ከዚያ ቀን ጀምሮ አፉን በጨርቅ አሰረ። ሕዝቡ ግን አልተወውም፤ ደጁን ከቦ «አንድ ቃል ብቻ» እያለ ይማጸነው ነበር።

በመጨረሻ ባለ ራእዩ አባ ዘሚካ መጡ።

«ልጄ፣ ያንተ ያልሆነውን ይዘሃል» አሉት። «ብርሃኑ የወጣው ከዝማራ ተራራ ምንጭ ነው፤ ወስደህ ካልመለስከው ሰማይ አይታረቀንም። ምንጩን ዘንዶ ይጠብቀዋል። በቃልህ ከገደልከው ምንጩም አብሮት ይሞታል።»

የንጉሡ ጦረኛ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ወንድይራድ ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ጦሩን ከተሰቀለበት አወረደ። «ዘንዶውን ለእኔ ተወው» አለ።

በተሰነጣጠቀ ምድር፣ በከብት አጥንት መካከል ተጓዙ። ከዝማራ ግርጌ ሲደርሱ ወንድይራድ ጦሩን መሬት ላይ ተከለ።

«በዚህ ጦር ማልልኝ። ብወድቅ አታስነሣኝም። እኔን ሆኜ ልሙት እንጂ አንተን ሆኜ መኖር አልፈልግም።»

«አትሞትም» የሚል ቃል አውራሪስ ጉሮሮ ላይ ደረሰ። አትሞትም የተባለ ሰው ግን ምን ሆኖ እንደሚቀር ማን ያውቃል? ቃሉን ዋጠና እያለቀሰ እጁን በጦሩ ላይ አኖረ።

ዘንዶው ጥቁር ገደል መስሎ ከምንጩ ዙሪያ ተጠምጥሞ ነበር። ወንድይራድ ፎክሮ ገባበት፤ ጦሩን በመንጋጋው አሳልፎ ከዓለቱ ጋር ቸነከረው። የዘንዶው ጅራት ግን ዞሮ የወንድይራድን ደረት ሰበረው። አውራሪስ አንድ እግሩን ውሃው ውስጥ እንዳደረገ ዞሮ አየ። አፉ ላይ የነበረው ጨርቅ ወድቋል። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ምላሱን ደም እስኪወጣው ነከሰ፤ ወንድሙ መተንፈስ እስኪያቆም ድረስ ነከሰ። ከዚያም ምንጩ ውስጥ ጠለቀ።

ብርሃኑ ከደረቱ ተመዝዞ ወጣ። ሰማዩ አጉረመረመ፤ ዘንዶው ጦሩን ነቅሎ ወደ ጥልቁ ተንሸራተተ። ዝናብ ወረደ፤ ጨው የሌለው፣ ጥሩ ዝናብ።

አውራሪስ ወንድሙን አዝሎ አገሩ ሲገባ ሕዝቡ በጭቃው ውስጥ እልል እያለ ይጨፍር ነበር። እናቱ ደጅ ላይ ቆማ ነበር። የተሸከመውን አየች።

«ተናገር እንጂ ልጄ» አለችው። «አንድ ቃል በለው።»

«እማ፣ አሁን ምንም የለኝም። መልሼዋለሁ።»

«ሲሞትስ? ያኔ ነበረህ?»

አውራሪስ ሊዋሻት አሰበ፤ አልሆነለትም።

«ነበረኝ» አለ።

ወንድሙን ከጀርባው አውርዶ አጋደመው። እናቱ ከሬሳው ራስጌ ጭቃው ላይ ተቀመጠች፤ ዝናቡ የልጇን ፊት እንዳይመታው መዳፎቿን ከላዩ ዘረጋች። አውራሪስ ከለላ ሊሆናት ጠጋ ሲል፣ ቀና ሳትል በክንዷ ገፋችው።