ቲቸር ኦፌሊያ ያላረሙት ቃል

«ቁጭ በይ ልጄ፣ አትፍሪ» አሉ ዳይሬክተሩ። ማይቴና የፈራችው ይሄኔ ነው። ልጄ ብለዋት አያውቁም። አጠገባቸው ከትምህርት ቢሮ የመጣች ሴትዮ ማቴ ሻይዋን እየማገች ፈገግ ትላለች።

ነገሩ መላው ቦነስ አይረስ የሚጨቃጨቅበት ነው። በስፓኒሽ «ሁላችሁም» ለማለት ለወንዶች «ቶዶስ»፣ ለሴቶች «ቶዳስ» ይባላል፤ ከሁለቱም ያልሆነ ሰው እንዳይቀር «ቶዴስ» ማለት ግን ለመምህራን ተከልክሏል። ቲቸር ኦፌሊያ ቃሉን አስተምረዋል የሚል ክስ መጥቷል። ጡረታቸው ደጃፍ ላይ ሳለ ከሥራ ሊታገዱ ነው። የጎደለው አንድ ምስክር ነው። ዳይሬክተሩ ደግሞ አርብ በትምህርት ቤቱ በዓል ባንዲራውን የመያዝ ክብር ለማይቴና መሰጠቱን፣ ባንዲራ እውነት ለሚደብቅ እንደማይሰጥ እግረ መንገዳቸውን አነሱላት።

«አዎ፣ አስተምረውኛል» ማለት እንዴት ይቀል ነበር። ከቻኮ ገጠር የመጣች ሰሞን አፏን በከፈተች ቁጥር ያረሟት እኒሁ ኦፌሊያ ናቸው። «እንዲህ የሚወራው ከብት ሲነዳ ነው» ብለው ክፍሉን አስቀውባታል። ሳቅ ይረሳል ይላሉ፣ ያልተሳቀባቸው። ዛሬም እጇን ከማውጣቷ በፊት የምትለውን በሆዷ ታጠናለች።

ግን ቃሉ ከእሳቸው አፍ አልወጣም። በክፍል ጽሑፏን ስታነብ «ቶዴስ» ያለችው ማይቴና ናት፤ «እሱ»ም «እሷ»ም መባል የማይፈልጉት የክፍል ጓደኛዋ ኖአ ፊቷ ተቀምጠው ነበር። ነጠላ ሰረዝ እንኳ የማያሳልፉት ኦፌሊያ ብዕራቸውን አስቀምጠው «ቀጥይ» ብቻ አሉ። ለምን እንዳለፏት እስከ ዛሬ አልገባትም።

«ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ቲቸር አላስተማሩኝም።»

ዳይሬክተሩ ፊታቸውን አዞሩ። ባንዲራው እንደቀረባት ያን ጊዜ ገባት። ሴትዮዋ ግን አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ወንበሯን አስጠጋች።

«ጎበዝ። ታዲያ አንቺስ ከማን ለመድሽው፣ የኔ ቆንጆ?»

በበሩ መስታወት ኮሪደሩ ይታያል። ኖአ አግዳሚው ላይ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ማይቴና ሳታስበው ወደዚያ አየች። ሴትዮዋም ዓይኗን ተከትላ ወደዚያው ማየት ጀመረች።

ማይቴና ብድግ ብላ ወንበሯን አዞረችና መስታወቱን በጀርባዋ ጋርዳ ተቀመጠች።

«ከማንም» አለች። «ሌላም ካለ እኔኑ ይጠይቁኝ።»