ያለ ዝናብ ያፈሰሰው ጣራ

መሬት ላራሹ ከታወጀ ወዲህ የቆቦዋ የሻረግ ማሽላዋ ቀናትና የሳር ቤቷን አፍርሳ ቆርቆሮ አለበሰች። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ደመቀች የምትባለው ልጇ እናቷ ቤት መጥታ ወንድ ልጅ ተገላገለች።

ቆርቆሮ ክፉ ነው፤ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል። አራስ ደግሞ ከነፋስ ይጠበቃል። የሻረግ፣ እናቷ በሳር ቤት ታደርግ የነበረውን ሁሉ አደረገች፣ ጨመረችበትም። ቆርቆሮው ስር የማዳበሪያ ላስቲክ ወጠረች፣ ከላስቲኩ በታች ጭድ ጠቀጠቀች፣ ጭዱን በጆንያ ደገፈችው። ጣራና ግድግዳ የሚገናኙበትን ክፍተት በጭቃና በእበት ደፈነች፤ መስኮቱንም ጠረቀመች።

«በል እንግዲህ ነፋስ፣ ወንድ ከሆንክ ግባ!» አለች።

ነፋሱስ አልገባም። ግን ጧት ጧት ከጣራው ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ጭዱ ሻገተ። ሕፃኑ ሳል ያዘው፣ ደረቱ ሲር ሲር አለ። አባቱ ፈንታው ክሊኒክ አደረሳቸው፤ መድኃኒቱን ጠጥቶ ሻል ይለዋል፣ እቤት ሲያድር ይብስበታል።

ጎረቤቷ አስረሳሽ ልትጠይቅ መጥታ ሽቅብ አየችና፣ «ቆርቆሮሽ ቀዳዳ ነው፣ ሲሸጡልሽ አሞኝተውሻል። ደግሞ የሆነ ቦታ ስንጥቅ ትተሻል፣ ነፋስ ነው ልጁን የመታው። ድፈኚው!» አለች።

«በጥር ምን ዝናብ አለና ነው ቀዳዳው የሚያፈሰው?» አለች የሻረግ።

ነገሩ ከነከናት። ፈንታውን ጣራ ላይ አውጥታ ውሃ አስደፋችው። እሷ ከውስጥ አንጋጣ ጠበቀች። ጠብ የሚል የለም።

«እማማ፣ አንቱ ደግሞ፣ ጎረቤት እየሳቀብን እኮ ነው!» አለ ፈንታው ከጣራው ላይ።

«ይሳቅ! ከላይ ካልመጣ ከየት መጣ?»

ፈንታው ከወረደም በኋላ ጥያቄው አልለቀቃትም። ለአራሷ የተጣደውን አጥሚት ስትከፍት ከክዳኑ ስር ውሃ ተንዠቀዠቀ። ክዳኑን እንደያዘች ቀረች።

«ደመቀች፣ ይሄን ውሃ ማን ጨመረው?»

«እንፋሎቱ ነዋ እማዬ። ምን ነካሽ?»

«የእኛስ ትንፋሽ? የድስቱ፣ የታጠበው ጨርቅሽ እንፋሎት? ሌሊት ሽቅብ ሄዶ ቀዝቃዛው ላስቲክ ላይ ነው የሚያልበው። መውጫ የለው፣ ተመልሶ ጭዱንና ልጁን ያርሳል!»

ወዲያው አራሷን ጓዳ አስገብታ ፈንታውን ጣራው ላይ አሰማራችው። አስረሳሽ ጩኸቷን ለቀቀች፦

«አራስ ላይ ጣራ ትከፍቻለሽ? እናትሽ አፈር ሆና ባታይሽ ነው እንጂ!»

«እናቴ የዘጋች መሰላት እንጂ፣ ሳሩ ይተነፍስላት ነበር! ቆርቆሮ ግን አይተነፍስም።»

ላስቲኩ ወጣ። የሻገተው ተጥሎ ደረቅ ጭድ ገባ፤ በጭዱና በቆርቆሮው መካከል ክንድ የሚያህል ባዶ ቦታ ቀረ። ነፋስ ከጭዱ በላይ እንዲያልፍ በጣራው ሁለት ጫፍ ቀዳዳ ተበጀ። ጆንያው ከስር በጭቃ ተመረገ፤ ብርዱ ወደ ሰው አይወርድም፣ እርጥበቱ ግን በጭቃው አልፎ ይወጣል። መስኮቱም ፀሐይ ስትሞቅ ይከፈታል ተባለ።

ቤቱ ደረቀ፣ ሞቀም። መድኃኒቱም ያዘለት፤ የልጁ ደረት ዝም አለ። አስረሳሽ መጥታ መሰላል ላይ ወጣች፣ በጣራው ጫፍ ቀዳዳ እጇን ጭዱ ውስጥ ሰደደች፣ ዳበሰች፣ አሸተተች። ከዚያ ወርዳ ፈንታውን ወደ ደጅ ጠራችው።

«ነገ እኛ ቤት ብቅ በል። መሰላሉን ይዘህ።»

«ምን ልሠራ?»

«እኔንጃ። የእኛም ቆርቆሮ ጣራ ጧት ጧት ማልቀስ ይዟል።»

ወገኖቼ፣ ቤቱን የለወጠ ሰው ልማዱንም ይመርምር። ለሳር የበጀ ለቆርቆሮ አይበጅም። አራሳችሁን ከብርድ ጠብቁ፤ ትንፋሽ ግን አትንፈጓት።