ፍየሎቹን ማን አጠጣቸው?

የፍየሎቹ ገንዳ ዛሬም ሞልቷል።

«አባባ፣ ውሃውን ማን ቀዳ?» አለች ኡሙሃኒ፣ ደብተሯን እንዳቀፈች።

አያቷ አብዱሰመድ ደጅ ያለው መደብ ላይ እንደተቀመጡ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የምን ውሃ?»

ሲዋሹ ታውቃለች። ደግሞ መዋሸት አያውቁበትም! ዛሬ ግን ነገሩ አስፈራት። ቀበሌው «ጸጉረ ልውጥ ያስጠጋ ወዮለት!» ብሎ የቆቦን ሰው በሙሉ አስጠንቅቋል። ከጦሩ የኮበለለ ሰው ጓሮ ደብቀው ቢሆንስ? እሳቸው እንደሆኑ አምና ከወደቁ ወዲህ እናቷ ዚነት «ንቅንቅ እንዳይሉ» ብላቸው ከመደቡ አይወርዱም። ቁጭ እንዳሉ ሰውነታቸው ከበደ፣ እግራቸው ሰለለ። አሁን እሷና እናቷ ግራና ቀኝ ይዘው ካላነሷቸው አይቆሙም።

ትምህርት ቤት የምትሄድ መስላ ወጣችና አጥሩ ጥግ ካለው ቁልቋል ስር አደፈጠች።

ማንም አልመጣም። አያቷ ጉልበታቸውን ይዘው «ቢስሚላህ» አሉና ብድግ አሉ። መልሰው ዘጭ። እንደገና ብድግ! ከዚያ ግድግዳውን እየተደገፉ፣ ከጋኑ በጣሳ እየቀዱ ወደ ገንዳው ተመላለሱ።

ኡሙሃኒ በገነች። ታዲያ እሷ ወገቧ እስኪቀነጠስ የምታነሳቸው ለምንድን ነው?

«ለካ ይችላሉ!» ብላ ብቅ አለች።

ጣሳው ከእጃቸው ሊያመልጥ ነበር። «ቀስ በይ እንጂ! መጀመሪያማ አልችልም ነበር። ትንሽ ትንሽ ስል ነው እግሬ የበረታው። ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪ። ካወቀች መልሳ ታስቀምጠኛለች። ዒድ ደርሷል፣ ልጄ። ከሰው ጋር ቆሜ መስገድ አማረኝ።»

የአጥሩ በር ሲንቋቋ ተጣድፈው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ዚነት ከስብሰባ መመለሷ ነበር። መጀመሪያ እርጥቡን መሬት፣ ቀጥሎ ልጇን አየች።

«ለምን ከትምህርት ቀረሽ? ማነው እዚህ የገባው?»

አያቷ በዓይናቸው ለመኗት። «እኔ ነኝ የቀዳሁት» ብትል ነገሩ ያልቃል። ነገስ? ሰው በሌለበት ብቻቸውን ቢወድቁስ?

«አባባ ናቸው» አለች።

አብዱሰመድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንደከዳቻቸው ገባት።

«ያ አላህ! ልጃቸው አደራ ብሎኝ ነው የዘመተው! አንድ ነገር ቢሆኑ ምን ብዬ ልመልስለት?» ዚነት ልትደግፋቸው ሮጠች።

ኡሙሃኒ የእናቷን ክንድ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

«ቆዪ እማዬ። አትንኪያቸው።» ከዚያ ወደ አያቷ ዞረች። «አባባ፣ ብቻዎን ይነሱ።»